አርባ አንድ የባቄላ ፍሬ
(የሬዲዮ ትምህርታዊ ዝግጅት)

(የመግቢያ ሙዚቃ፦ ዋሽንት። ከፍ ብሎ ይጀምርና ቀስ እያለ ይወርዳል።)

አማኑኤል ከተማ ያላችሁ፣ በማቻከል ቀበሌዎች ከምድጃ ዳር የተቀመጣችሁ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ መሪ ይዛችሁ የምትሰሙን ሁሉ፣ ሰላማችሁ ይብዛ።

ዛሬ ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለጓዳ የሚቀርበው ማን ነው? እስቲ የባቄላ ፍሬ ይዛችሁልኝ ኑ። አርባ አንድ ፍሬ። ባቄላ ካልተገኘ ሽንብራም በቆሎም ይሆናል። ብቻ በጭብጥ ሳይሆን ቆጥራችሁ አምጡ። ምን ሊያደርግልን እንደሆነ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ።

እስከዚያው አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ምክር ቤት ሲሰበሰብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የከተማም ይሁን የወረዳ፣ የራሳችሁን ምክር ቤት፣ በዓይናችሁ? ብዙዎቻችሁ "እኛ እዚያ ምን እንሠራለን?" እንደምትሉ እገምታለሁ። እድራችሁ ሲሰበሰብስ? "እሱማ ከቀረሁ እቀጣለሁ!"

እንግዲያው ከእድሩ እንጀምር።

(ድምፅ፦ የሰዎች ጫጫታ። ከዘራ መሬት ሲመታ ይሰማል፤ ጫጫታው ይረግባል።)

እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ። ዳኛው ባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጸሐፊው ጠርዙ የተላላጠ ደብተር ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ስም ይጠራል። ያለ ሰው "አቤት" ይላል፤ የሌለ ስሙ አጠገብ ጭረት ይደረግበታል። ጥሪው ካለቀ በኋላ አንድ ሰው ላብ በላብ ሆኖ ይደርሳል።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ መምሬ፣ ላም ጠፍታብኝ ስፈልግ ነው።"

"ተገኘች?"

"ተገኘች።"

"እንኳን ተገኘች። ቅጣቱን ለገንዘብ ያዡ ስጥና ቁጭ በል።"

ሰው ይስቃል፤ ሰውየውም እየሳቀ ይከፍላል። ቀጥሎ ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ይነበባል። "የሰማችሁት ልክ ነው?" ይላሉ ዳኛው። አንዲት እናት ይነሡና "ድስቱን የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ጎረቤቴ ተብሎ ተጽፏል፣ ይስተካከል" ይላሉ። ይስተካከላል። ከዚያ ወደ ዕለቱ ጉዳይ ይገባል።

አድማጮቼ፣ በዚህች ትንሽ ስብሰባ ውስጥ ስንት ሥርዓት አያችሁ? የቀረው ተቆጥሯል። የዘገየው፣ ምክንያቱ እውነት ቢሆንም፣ ተቀጥቷል። ያለፈው ተነቧል፤ የተሳሳተው ታርሟል። ይህን የሚያውቅ ሰው የምክር ቤት ስብሰባ አይገባኝም ሊል አይችልም። እኔ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የገጠመኝ ሌላ ነገር ነው፤ እድሩ የሚያውቀውን ምክር ቤቱ ሲረሳው።

(አጭር ሙዚቃ)

ጎጃም ደግሞ "ጉባኤ" ለሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። ከዋሸራ እስከ ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ሲዘረጋና ሲታጠፍ የኖረበት አገር ነው። ከቅኔውም አጭሩ፣ ባለ ሁለት ቤቱ፣ ጉባኤ ቃና ይባላል። ስለዚህ የምክር ቤት ሰብሳቢ "አፈ ጉባኤ" ሲባል ቃሉን እንደ ጎጃሜ ጆሮ ሰጥተን እንስማው። አፈ ጉባኤ ማለት የጉባኤ አፍ ማለት ነው። ድሮ የንጉሡን ፍርድ የሚናገረው ትልቁ ዳኛ አፈ ንጉሥ ይባል ነበር፤ የሚናገረው የራሱን ሳይሆን የንጉሡን ቃል ስለሆነ። አፈ ጉባኤም እንዲሁ ነው። የሚናገረው የጉባኤውን ነው፤ የራሱን አይደለም፣ የከንቲባውንም አይደለም።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የአማራ ክልል ሕገ መንግሥቱን በአዋጅ ቁጥር 59/1994 ሲያሻሽል ከተደረጉት ለውጦች አንዱ ምክር ቤቱን የሚመራውና ሥራ አስፈጻሚውን የሚመራው ሰው እንዲለያዩ ማድረግ ነው። ለምን ይለያያሉ? ወደ ከተማችን ብናመጣው፣ ከንቲባው ሪፖርት አቅራቢ ነው። ሪፖርት አቅራቢው ራሱ "እጅ ያወጣህ ተናገር፣ አንተ ይበቃሃል" የሚል ከሆነ፣ ማን ማንን ይጠይቃል? በእድር እንኳ ገንዘብ ያዡ የራሱን ሒሳብ ራሱ አይመረምርም።

አሁን ባቄላችሁ መጣ? ቆጠራችሁ? በሉ መሬት ላይ ዘርጉት።

(ድምፅ፦ ፍሬ ሰፌድ ላይ ሲፈስ)

አንድ ምክር ቤት አርባ አንድ አባላት አሉት እንበል። ለምሳሌ ያህል ነው፤ የማንንም ምክር ቤት ቁጥር አይደለም የምናገረው። እነዚህ ፍሬዎች አባላቱ ናቸው። ስብሰባው እንዲጀመር ስንት መገኘት አለበት? በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ የሚኖረው ከግማሽ በላይ አባላት ሲገኙ ነው። እኛም ይህንኑ ልክ እንያዝ። ከአርባ አንድ ግማሽ በላይ ስንት ነው? ሃያ አንድ። ሃያ አንዱን ፍሬ ወደ ቀኝ ለዩት። የቀሩት ሃያዎቹ የሉም፤ አንዱ ለቅሶ ሄዷል፣ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ዝም ብሎ ቀርቷል።

ሃያ አንዱ ይሰበሰባሉ። ጉዳይ ይቀርባል፤ ሁሉም ድምፅ ይሰጣል። በአብላጫ ድምፅ ለማለፍ ስንት ይበቃል? አሥራ አንድ። ከሃያ አንዱ ላይ አሥራ አንዱን ለዩና መዳፋችሁ ላይ አድርጓቸው።

እስቲ እዩአቸው። እነዚያ መዳፋችሁ ላይ ያሉት አሥራ አንድ ፍሬዎች የከተማችሁን በጀት አጸደቁ። ገበያው ይነሣ አሉ። የቦታ ኪራይ ጨመሩ። መሬት ላይ የቀሩት ሠላሳ ናቸው። ሕጉ ተጣሰ? አልተጣሰም። ሁሉም በደንቡ ነው። ስለዚህ የቀረ አባል በሌለበት የተወሰነበትን ቢያማርር የሚወቅሰው ራሱን ነው። እናንተስ የመረጣችሁት ሰው ከሃያዎቹ ይሁን ከሃያ አንዱ ታውቃላችሁ? ደግሜ ልጠይቅ፤ የመረጣችሁት ሰው ባለፈው ስብሰባ ነበረ?

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ምልዓተ ጉባኤ ጠዋት ብቻ ተቆጥሮ የሚያልፍ አይደለም። ጠዋት ሃያ አንድ ሆነው ጀምረው፣ ከምሳ በኋላ ሦስቱ በዚያው ቢቀሩ፣ አሥራ ስምንት ሰው ነው የተቀመጠው። ንቁ አባል ከሆነ እጁን ያወጣና "የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ፤ ይቆጠርልኝ" ይላል። ይህን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አይወደድም። ስብሰባ የሚያስረዝም፣ ነገረኛ ይባላል። እኔ ግን የማምነው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አጀንዳ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የስብሰባ ሥሩ አጀንዳ ነው። ስብሰባ የሚበላሸው አዳራሽ ውስጥ ይመስለናል፤ ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ግን ከዚያ በፊት፣ ጥሪው ሲወጣ ነው።

ከዓመታት በፊት፣ ስሟን በማልጠራት ከተማ፣ አንድ የምክር ቤት ጉባኤ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። በሩ ላይ አንዲት ልጅ ለአባላቱ ወረቀት ታድላለች። ወፍራም ነው፤ በስቴፕለር የተያዘ የዓመቱ በጀት። ከማተሚያው ገና መውጣቱ ስለነበር ወረቀቱ ይሞቃል። አባላቱ እየተቀበሉ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ያራግቡበታል። ቀኑ ሞቃት ነበር። ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ጸደቀ። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ አባል ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ሲያስገቡ "ምን ይላል?" አልኳቸው። "ቤት ሄጄ ልጄ ታነብልኛለች" አሉኝ። እጃቸውን ካወጡ በኋላ ማለት ነው።

በእሳቸው አልፈርድም። ጥፋቱ የጠሪው ነው። አጀንዳውና ሰነዱ ቀደም ብሎ ቢደርሳቸው ልጃቸው ከስብሰባው በፊት ታነብላቸው ነበር፤ እሳቸውም ጎረቤት ጠይቀው፣ ገበሬ ጠይቀው፣ ጥያቄ ይዘው ይመጡ ነበር። ስንት ቀን መቅደም እንዳለበት የየምክር ቤቱ ደንብ ይወስናል። ወረቀቱ እየሞቀ የሚታደል ከሆነ ግን አባሉ ተሰበሰበ አይባልም፤ ተጠራ ነው የሚባለው።

"ልዩ ልዩ" የሚሏት የአጀንዳ ማብቂያም አለች። ሰው ደክሞ፣ ልቡ ወደ ቤቱ ሄዶ ሳለ አንድ ከባድ ነገር በልዩ ልዩ ሥር ሹልክ ብሎ ይገባል። እድር ላይ ቢሆን ዳኛው "ይህ ለሚቀጥለው ወር ይደር" ይሉ ነበር።

(ዋሽንት፣ አጭር)

የምወደውን ክፍል እስከዚህ ያቆየሁት ሆነ ብዬ ነው። ማን ይቅደም? በስብሰባ ላይ ቀድሞ መናገር ያለበት ትልቁ ነው ትንሹ?

የለመድነውን እናውቀዋለን። ከንቲባው ወይም አስተዳዳሪው ይነሣል፤ ረጅም ማብራሪያ ይሰጣል፤ "የእኔ አስተያየት ይህ ነው" ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ መድረኩ ለውይይት ክፍት ይሆናል። የሚነሣው ሁሉ "ክቡር አስተዳዳሪያችን እንደገለጹት" እያለ ይጀምራል። አለቃው አንድ ጊዜ ከተናገረ በኋላ ማን አፍ አለው?

አባቶቻችን ግን ይህን አውቀውበት ነበር። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከ250 ዓመት በፊት ጎንደር በነበረ ጊዜ በንጉሡ ሸንጎ ያየውን ጽፏል። ሐሳብ የሚሰጠው ከታች ጀምሮ ነው። በማዕረግ ዝቅተኛው ቀድሞ ይናገራል፣ ከዚያ ከፍ ያለው፣ ከዚያም ከሱ ከፍ ያለው፤ ንጉሡ መጨረሻ። ንጉሡም ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ነው የሚሰማው፤ ቃሉንም የሚያደርስለት ቃለ ሐፄ የሚባል ሹም ነበር። በኋላ ዘመናትም በንጉሡ ዙፋን ችሎት ዳኞች ፍርዳቸውን ሲሰጡ ከታናሹ ነበር የሚጀመረው።

ለምን ይመስላችኋል? ታናሹ የታላቁን ሐሳብ ከሰማ በኋላ የራሱን ስለሚውጥ ነው። ታላቁ ቢጠብቅ የሚያጣው ነገር የለም፤ ታናሹ ቢጠብቅ ግን ሐሳቡን ያጣል። ይህ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር አይደለም፤ የራሳችን ሸንጎ ሥርዓት ነው። ዛሬ አንድ አፈ ጉባኤ ደንብ ሳይጥስ፣ "አስተዳዳሪው መጨረሻ ላይ ይናገሩ፤ አስቀድሜ ለኋላ ወንበሮች ዕድል እሰጣለሁ" ማለት ይችላል። ሥልጣኑ አለው፤ የሚያስፈልገው ድፍረት ብቻ ነው።

ደግሜ ልበል፤ ከታች ጀምሩ። ከኋላ ወንበር ጀምሩ። ሦስት ጊዜ እጇን አውጥታ ካልታየችው እናት ጀምሩ። አፈ ጉባኤው አጠገብ የሚቀመጠው ጸሐፊ እጅ ያወጣውን ሰው ስም በተራ ይጻፍ፤ አንድ ጊዜ የተናገረ ሰው ያልተናገሩት ሳይዳረሱ ሁለተኛ አይነሣ። የስብሰባ ደንብ የተሠራው ድምፀ ጎርናናው እንዲናገርበት አይደለም፤ እሱማ ያለ ደንብም ይናገራል።

(አጭር ሙዚቃ)

በዚህ ላይ የአንድ አሜሪካዊ ታሪክ ትዝ ይለኛል። ሄንሪ ሮበርት ይባላል፤ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ነበር። በአውሮፓውያን 1863 የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ በድንገት ጠየቁት። ምሽግ መሥራት እንጂ ስብሰባ መምራት የት ያውቃል! ስብሰባው ተደበላለቀበት፤ አፍሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን ካላወቅሁ ሌላ ስብሰባ አልገባም አለ፣ ማጥናትም ጀመረ። በ1876 ያሳተማት ትንሽ የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፍ ዛሬም በብዙ ማኅበራትና ምክር ቤቶች ታገለግላለች። የእኛ እድር ዳኛ ቢያገኙት ኖሮ ግን ከአሥራ ሦስት ዓመት ጥናት ይገላገል ነበር።

የሮበርት መጽሐፍ ከምታስተምረው አንዱን ብቻ ልንገራችሁ፤ ማሻሻያን። "የከብት ገበያው ከአስፋልቱ ዳር ይነሣ" የሚል ሐሳብ ቀረበ እንበል። አንዱ አባል "ይነሣ፣ ግን ክረምቱ ከወጣ በኋላ" አለ። አሁን ድምፅ የሚሰጠው በየትኛው ነው? ብዙ ስብሰባ የሚጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው። መልሱ ቀላል ነው። አስቀድሞ በማሻሻያው ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ "ክረምቱ ከወጣ በኋላ" የሚለው ይጨመር ወይስ አይጨመር? ይህ ከተወሰነ በኋላ ሙሉው ሐሳብ እንደተሻሻለው ለድምፅ ይቀርባል። ገበያው አይነሣ የሚል ሰውም ማሻሻያውን ደግፎ ዋናውን መቃወም ይችላል። ይህ ባለ ሁለት ቃል አያደርገውም።

ገበያው በሚሄድበት ቦታ ላይ መሬት ያለው አባል ቢኖርስ? ያሳውቅ፤ ድምፅ ከመስጠትም ይታቀብ። ይህን ማስረዳትም አያስፈልገኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

ድምፅ ሲሰጥ የምሰማት አንዲት ቃል አለች። "ልዩነት ያለው?" ሰብሳቢው ይህን የሚለው ወረቀቱን እየሰበሰበ፣ ግማሽ ተነሥቶ ነው። ማንም ድምፅ ሳያሰማ "በሙሉ ድምፅ ጸድቋል" ይላል፤ ይጨበጨባል። ጭብጨባ ድምፅ አይደለም። ዝምታም ድምፅ አይደለም። የሚደግፍ እጁን ያውጣ፤ ይቆጠር። የሚቃወም ያውጣ፤ ይቆጠር። ድምፀ ተአቅቦ ያለው ያውጣ፤ ይቆጠር። ሦስቱም ቁጥሮች ተደምረው በአዳራሹ ካለው ሰው ጋር መግጠም አለባቸው። ዓመት በዓመት ሁሉ ነገር በሙሉ ድምፅ የሚያልፍበት ምክር ቤት ካያችሁ፣ ሁሉም ተስማምተዋል ከማለታችሁ በፊት እጅ ተቆጥሮ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁ።

የተቆጠረው ደግሞ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር። የተቃወመ ሰው "ልዩነቴ ይያዝልኝ" የማለት መብት ሊኖረው ይገባል። ነገ ነገሩ ተበላሽቶ "ማን ነው ይህን የወሰነው?" ሲባል ምስክሩ ያ ወረቀት ነው። ቃለ ጉባኤ ስብሰባው ሳያልቅ አልቆ የሚጠብቅበትም ጊዜ አለ። እሱ ድርሰት ነው።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይገባል)

ወደ እናንተ ልመለስ። "እኛ እዚያ ምን እንሠራለን?" ብላችሁኛል። በአዋጅ ቁጥር 74/1937 የከተማ ምክር ቤቶች ሲቋቋሙ ከነዋሪው መካከል አባል ሆኖ ለመግባት ርስትና ቤት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ለመምረጥም ለመመረጥም ያ አይጠየቅም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። የተወካዮች ምክር ቤት እንኳ ስብሰባው በግልጽ ነው የሚካሄደው፤ በር ዘግቶ ለመሰብሰብ ጥያቄ ቀርቦ ከግማሽ በላይ አባላት ሊደግፉት ይገባል። እዚያ ላይ በሩ ለሕዝብ የሚከፈት ከሆነ፣ ባጃጅ ተሳፍራችሁ በምትደርሱበት አዳራሽ ለምን ይዘጋል?

ስለዚህ የምክር ቤታችሁ መደበኛ ጉባኤ መቼ እንደሆነ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቁ። አንድ ቀን ሂዱ። ከኋላ ተቀመጡ። እንደ ታዛቢ ገብታችሁ መናገር ላይፈቀድላችሁ ይችላል፤ መቁጠር ግን ማንም አይከለክላችሁም። ሲጀመር ቁጠሩ፣ ከምሳ በኋላ ቁጠሩ፣ እጅ ሲወጣ ቁጠሩ።

ለሳምንቱ የቤት ሥራ ልስጣችሁና እንለያይ። ሃያ አንዱን ፍሬ እንደገና ዘርጉ። ዘጠኙ ደገፉ፣ አምስቱ ተቃወሙ፣ ሰባቱ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሐሳቡ አለፈ ወይስ ወደቀ? ዘጠኝ ከአምስት ይበልጣል፤ ነገር ግን ዘጠኝ ከሃያ አንድ ግማሽ አይሞላም። የምክር ቤታችሁ ደንብ የሚያየው ከተገኙት ላይ ነው ወይስ ድምፅ ከሰጡት ላይ? ደንቡን ፈልጋችሁ አንብቡና መልሱን ይዛችሁ ጠብቁን።

ባቄላውን ደግሞ እስከዚያው እንዳትቀቅሉት አደራ። መልካም ሳምንት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ፦ ዋሽንት)